የሙሳ ጥግ

ከአልዩ አምባ ሲነሡ ጤዛው አልረገፈም ነበር። አሁን ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል፤ በቅሎዎቹ ግን የአንኮበርን ዳገት ገና ማጋመሳቸው ነው። መንገዱ አንዴ በገደል አፋፍ፣ አንዴ በጥድ ሥር እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጎን ለጎን መሄድ ስለማይቻል ሰልፉ በማዕረግ ሆኗል። ከፊት ባላምባራስ ሣህሌ፣ ቀይ ግላስ በለበሰች ዳማ በቅሎ ላይ፣ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ደፍተው ይሄዳሉ። ቀጥሎ ጭነት የተጫነች አህያ። ከአህያዋ ኋላ ቃሲም በእግሩ። ከሁሉም መጨረሻ፣ ከሸዋ ሮቢት በተከራዩዋት ያረጀች በቅሎ ላይ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አክስቱ ዘሊካ።

«ቃሲሜ» አሉ ከኋላ።

«አቤት አዳዳ።» የአባቱ እህት ስለሆኑ አዳዳ ነው የሚላቸው፤ በአገራቸው በጨፋ የአባት እህት መጠሪያዋ ይኸው ነው።

«ይቺ አህያ ማናት?»

«የባላምባራስ አህያ ናታ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሹመቷን ነው የጠየቅሁህ። ከኔ ፊት የምትሄደው ግራዝማች ናት ወይስ ቀኛዝማች?»

ባላምባራስ ሰሙ። ዞር ሳይሉ፣ «እትዬ ዘሊካ፣ አህያዋ የተሸከመችው ለመድኃኔዓለም የተሳልኩትን ጃንጥላና ጧፍ ነው። ለሱ ብለው ይለፏት» አሉ።

«ለሱ ከሆነስ ትለፍ። የርስዎ ጫማ መስሎኝ ነው።»

የባላምባራስ ትከሻ በሳቅ ሲነቃነቅ ቃሲም ከኋላ አየ። እሱ ግን አልሳቀም። ከከሚሴ ከወጡ ጀምሮ ሳቅ አልመጣ ብሎታል። በትሬንታ ኳትሮው የጭነት መኪና ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር ሲላጋ፣ ሸዋ ሮቢት ወርደው በቅሎ ሲይዙ፣ አክስቱ ጎዜ መስጊድ ሁለት ረከዓ ልስገድ ብለው ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከውጭ ሲጠብቁ፣ ሁሌም አንድ ነገር ነበር የሚያስበው፤ ግድግዳውን።

ነገሩ የተጀመረው በጳጉሜን፣ በ፲፱፻፶፩ ዓመተ ምሕረት ማለቂያ ላይ ነው። ከሚሴ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በድንጋይ የሚገነባ ትምህርት ቤት ታሰበና የአገሩ ሽማግሌ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ግንበኛው ማን ይሁን ሲባል ከአንድም ሁለት ሰው የቃሲምን ስም ጠራ። የሥራው ሹም ባላምባራስ ሣህሌ ነበሩ።

«ቃሲም ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ባላምባራስ። «ድንጋይ ያቀብል፣ ጭቃ ያቡካ፣ አልከለክልም። ነገር ግን የጨፋ ሰው ሣር ያውቃል፣ ላም ያውቃል። ድንጋይ የሚያነሣው ጥጃ ሲመልስ ነው። የማዕዘኑን ድንጋይ የሚያስቀምጥ ከደሴ ይምጣ።»

ሰው ሳቀ። ቃሲም ግራ እጁን ጋቢው ሥር ከተተ። ይህ የልጅነት ልማዱ ነው። ግራኝ ሆኖ ሲወለድ እናቱ ምግብ በቀረበ ቁጥር ግራ እጁን በነጠላዋ ጫፍ ታስርበት ነበር፤ ቁርአን ቤት ሲገባም የሚማርበትን ሰሌዳ፣ ሉሁን፣ በግራው በመያዙ ስንት አለንጋ ቀምሷል። እንዲበላበት አልተፈቀደለትም፤ ሰው ሰላም ሊልበት አልተፈቀደለትም። መዶሻ ሲይዝ ግን ቀኙ እምቢ አለ። ከደሴ የሚመጡ ግንበኞች ሥር ዐሥር ዓመት ሲሠራም የግድግዳውን ግንባር አልሰጡትም። ሥራው ጥግ ሲደርስ ብቻ፣ «ያ ግራኝ የት ሄደ? ጥጉ ያንተ ነው» ይሉታል። ጥግ ደግሞ ሰው የማያየው፣ ጥላ የሚውልበት ቦታ ነው። አንድ ቀን ግንባሩን እሠራለሁ እያለ ዝም ብሎ ኖረ።

ያን ዕለት ግን ከሴቶቹ ወገን አዳዳ ዘሊካ ተነሡ። ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ድምፃቸው ግን ምንም አልነካው።

«የኔ አባት ሙሳ አንኮበር ላይ የንጉሥ ግድግዳ ሠርቷል። ወላሂ ሠርቷል። ከሾንቄ ተራራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከሚነባበርበት መንደር ነው ሙያውን የተማረ። ይሄ ልጅ የያዘው መሮ የሱ ነው፤ እጁም የሱ ነው፤ አባቴም ግራኝ ነበር።»

ባላምባራስ ጺማቸውን ዳበሱ። «አንኮበር የአባቴ አገር ነው፣ እትዬ። አባቴ የንጉሥ ጠጅ ጣይ ነበሩ። ከጨፋ የመጣ ግንበኛ ሲያነሡ አልሰማሁም።»

«የርስዎ አባት የጣሉት ጠጅ ተጠጥቶ አለቀ። የኔ አባት የጠረበው ድንጋይ ግን ቆሟል። ሄደው ይዩት።»

ሳቁ ወደ ባላምባራስ ዞረ። ያን ጊዜ ጠብ የሚያበርዱት፣ ደም የሚያደርቁት አበጋር በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። «ቃል ወደቀ» አሉ። «እንግዲህ ዓይን ይሂድ።» በዚያ ሽማግሌ ፊት የተማለ ነገር ከተጠረጠረ ከማለውም ከተጠራጣሪውም ወገን ሰው አብሮ ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። እውነት ሆኖ ከተገኘ ተጠራጣሪው ቃሉን ያነሣል። ሐሰት ከሆነ ግን የማለው ሰው ከዚያ በኋላ በጉባኤ አይመርቅም።

ዘሊካ ደግሞ የሚታወቁት በምርቃታቸው ነው። ጨፋ ላይ ሙሽራ ሲወጣ፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ልጅ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ «ዘሊካን ጥሯቸው» ይባላል። ከቦርከና ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ «አሚን» የሚለው ለሳቸው ነው። ይህን ሁሉ በአንድ መሐላ አስይዘው መጥተዋል። ባላምባራስም በጥቅምት መድኃኔዓለምን ለማንገሥ ወደ አንኮበር መሄዳቸው ስላልቀረ፣ «አብረን እንሂድ፤ ድንጋዩ ካለ ይታያል» ብለው ተስማሙ።

ዳገቱ አልቆ የአንኮበር ኮረብታዎች ብቅ ሲሉ ባላምባራስ ከበቅሏቸው ወረዱ። ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

«ደከመዎ?» አሉ ዘሊካ፣ የእርካቡን ድምፅ ሰምተው።

«የለም። አባቴ ሲነግሩኝ፣ ከዚህ በላይ በቅሎ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ ንጉሡ ብቻ ነበር።»

«ዛሬ ማን ያይዎታል?»

«ማንም። ግን እኔ ልለፍበት?»

ዘሊካ ጥቂት አሰቡ። «ቃሲሜ፣ አውርደኝ» አሉ።

ሦስቱም በእግራቸው ገቡ። ባላምባራስ የገዛ ግቢያቸውን እንደሚያስጎበኙ ሁሉ በአለንጋቸው ያመለክታሉ። ያ ጉብታ ሚካኤል ነው፤ ወዲያኛው፣ ጥዱ መሐል ጣራው የሚታየው፣ መድኃኔዓለም። እዚህ የመኳንንቱ ሰፈር ነበር። እዚያ ነጋሪት ሲመታ እታች አልዩ አምባ ገበያው ቀጥ ይል ነበር፤ ከሐረር ጨው ጭኖ የመጣ ነጋዴ፣ ከጎጃም የመጣ ሸማኔ፣ ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር። አሁን በነጋሪቱ ቦታ ገብስ በቅሏል። ቃሲም ግን ፍርስራሽ አልታየውም። ከምሥራቅ በኩል የአፋር ሜዳ እንደ ተወጠረ ቆዳ ተዘርግቶ፣ ጭጋጉ ከሥራቸው እንደ መንጋ ሲነዳ አይቶ፣ ሰው ለምን እዚህ እንደነገሠ ገባው። አንኮበር ንጉሥ የተነሣበት ወንበር ይመስላል። የተቀመጠበት ሰው ሄዷል፤ ወንበሩ ግን ዛሬም የንጉሥ ነው።

በንጉሡ ግቢ ኮረብታ ግርጌ አንድ ሽማግሌ ቄስ ማጭድ ይዘው፣ የሣር ነዶ ታቅፈው አገኟቸው። መምሬ ባንተይርጋ ይባላሉ። የነገ ንግሥ እንግዳ ስለበዛ ለበቅሎዎቹ ሣር እያጨዱ ነበር። ባላምባራስ መስቀል ተሳልመው የመጡበትን ሲነግሯቸው ቄሱ ዘሊካን አዩና፣ «ከጨፋ ድረስ? ለድንጋይ?» አሉ።

«ለአባቴ ነው፣ አባ። ድንጋዩማ ጨፋም ሞልቷል።»

«እንግዲያስ ይምጡ። ከዚያ ሁሉ ቤት የቀረን አንድ ግድግዳ ነው።»

ጥዱን አልፈው አናቱ ላይ ሲወጡ ግድግዳው ተገተረ። ቁመቱ ሁለት ሰው ያህል፣ በኖራ የተያያዘ፣ ድንጋዩ ተጠርቦ ልክ በልክ የገባ ነው። ጣራ የለው፣ በር የለው፣ ብቻውን ሰማይ ታክኮ ቆሟል። ባላምባራስ ሄደው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ሲዞሩ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«እትዬ ዘሊካ» አሉ፣ «ይህን የሠራ ሰው አባትዎ ከሆኑ እኔ ምን አፍ አለኝ። ቆሟል ብለው ነበር፤ ቆሟል። ቃሌን አንሥቻለሁ። ቃሲም፣ የማዕዘኑ ድንጋይ ያንተ ነው።»

ዘሊካ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ባሉበት ቁጭ አሉ።

ቃሲም ግን አልሰማም። ፊቱን ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ነበር። የተጠረበ ድንጋይ ላይ የመሮ መስመር ይቀራል። በቀኙ የሚመታ ሰው መስመሩ ከላይ ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ታች ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ግራኝ የጠረበው ግን ተቃራኒውን ነው። ቃሲም ይህን በራሱ ሥራና በሌላው ሥራ መሐል ሲያይ ያደገ ነው። የግድግዳው ግንባር የመሮ መስመር ያለበት ነው፤ ዘመን አላጠፋውም። ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላል። የላይኛው ረድፍ ወደ ግራ። የታችኛው ወደ ግራ። አንድም ድንጋይ ወደ ቀኝ አላለም።

ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሲጨርስም ያው ነበር።

ዘወር ብሎ አየ። ባላምባራስ ለቄሱ ስለ አባታቸው ያወራሉ። አክስቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከእሱ በስተቀር እዚህ ኮረብታ ላይ የመሮ መስመር የሚያነብ ሰው የለም። ዝም ቢል ነገሩ አልቋል፤ ድንጋዩ ተሰጥቶታል፣ የአክስቱም መሐላ ጸንቷል። አፉን ብቻ መዝጋት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተካነበት ነገር ነበር።

«ባላምባራስ» አለ።

«አቤት።»

«ይሄ የአያቴ እጅ አይደለም።»

ባላምባራስ ከቄሱ ወደ እሱ ዞሩ።

«ማል ጄቴ?» አሉ ዘሊካ። ሲደነግጡ ኦሮምኛቸው ይቀድማል። «ምን አልክ?»

«ይሄን የጠረበው በቀኙ የሚመታ ሰው ነው፣ አዳዳ። ሁሉንም አየሁት።»

«ደግመህ እይ።»

«ደግሜ አይቻለሁ።»

አክስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ግድግዳውን አያዩትም፣ ቢሆንም ትኩር ብለው ቆዩ። ባላምባራስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። መቆጣት ነበረባቸው፤ አልተቆጡም። እንዲያው ያንን የከሚሴውን ሳቅ አስታውሰው ይሆናል፣ «እትዬ፣ የኔ አባት ጠጅ ቢያንስ ተጠጥቷል» አሉ፤ ወዲያው ግን አፈሩበት፣ ምክንያቱም ዘሊካ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

መምሬ ባንተይርጋ ነገሩ አላማራቸውም። «ሴትዮዋ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ እኮ። እዚህ ጥላ አለ» ብለው ከግድግዳው ጀርባ ዞሩ። እዚያ ከዋናው ግድግዳ ጋር የሚገናኝ ሌላ ግድግዳ ነበረ፤ ፈርሶ ወገብ ያህል ቀርቷል። ሁለቱ የሚገጥሙበትን ጥግ ሳማ ወርሶታል። ቄሱ የመቀመጫ ቦታ ሊያጸዱ በማጭዳቸው ማጨድ ጀመሩ። ዳር ዳሩን አጨዱት። ወደ ጥጉ ሲገቡ ግን ክርናቸው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ተጠግተው ሞከሩ፤ እንደገና ተጋጨ።

«ኧረ የዚህስ ጥግ! ቀኝ እጅ አያስገባም» አሉ ክርናቸውን እያሹ።

«ይስጡኝ፣ አባ።»

ቃሲም ማጭዱን በግራው ተቀብሎ ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሳበው፤ ሳማው ከሥሩ ወደቀ። ክርኑ ወደ ክፍቱ በኩል ስለሆነ ምንም አልነካውም። አራተኛውን ሊስብ ሲል እጁ አየር ላይ ቆመ።

ጥጉ ያንተ ነው።

ዐሥር ዓመት ሙሉ እንደ ስድብ የሰማት ቃል ናት። ድንጋይ መሬት ላይ ይጠረባል፤ የመጨረሻው ልክ የሚወጣው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳ በቀኝህ ሲሆን፣ ጥግ ላይ፣ በቀኙ የሚመታ ሰው መዶሻውን የሚያወናጭፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ግራኝ ይጠራል። ዛሬ ከሚሴ ላይ እንዲህ ከሆነ ያን ጊዜ አንኮበር ላይስ? እሱ አያቱን የፈለገው ግንባር ላይ ነው፤ ፀሐይ በሚመታው፣ ንጉሥ በሚያልፍበት፣ እሱ ራሱ መሥራት በሚመኘው ቦታ። ሙሳን ከመፈለግ ይልቅ የራሱን ምኞት ሲፈልግ ኖሯል።

ተንበረከከ። ሳማው እየለበለበው አፈሩን በሁለት እጁ ዛቀ። አንድ ረድፍ ድንጋይ ወጣ፣ ከሥሩ ሌላ። የባላምባራስን ኮዳ ተቀብሎ ውሃ አፈሰሰበትና በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

መስመሮቹ ከላይ ከግራ ተነሥተው፣ ወደ ታች ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። በቀጭኑ፣ በእኩል ርቀት፣ ሳይደራረቡና ሳይሳሳቱ። የገዛ እጁን ጽሑፍ ያየ መሰለው።

«አዳዳ» አለ። «አዳዳ፣ ኮቱ። ይምጡ።»

ቄሱ በአንድ በኩል፣ ባላምባራስ በሌላ በኩል ደግፈው አመጧቸው። ቃሲም መዳፋቸውን ይዞ ድንጋዩ ላይ አሳረፈው፤ ምንም አልነገራቸውም። የአሮጊቷ ጣቶች መስመሩን ይዘው ወረዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ወረዱ። ከዚያ መዳፋቸውን ሙሉ ዘርግተው ወዲያና ወዲህ ገፉት፣ እህል እንደሚፈጭ ሰው።

«የእናቴ ወፍጮ» አሉ።

መዳፋቸውን አንድ ጊዜ ደግመው ገፉት።

«ወፍጮዋ ልሞ አልፈጭ ሲላት አባቴ ነበር በመሮው የሚወቅርላት። ሌላ ሰው አታስነካውም ነበር። እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ጀምሬ ፈጭቼበታለሁ። ይሄን መስመር መዳፌ ያውቀዋል።» ከዚያ እንባቸው መጣ።

ባላምባራስ ግን የመጡበትን አልረሱም። ከከሚሴ የተላኩ ዓይን ናቸው። «ቃሲም፣ አንተ ታነበዋለህ፣ እሳቸው ይዳስሱታል። እኔ ሽማግሌው ፊት ምን ብዬ ልቁም? እኔም ልየው» አሉ።

«መሮውን ይያዙ፣ ባላምባራስ።»

ኮታቸውን አወለቁ። ቃሲም ይዞት የመጣውን የአያቱን መሮና መዶሻ ሰጥቷቸው፣ ከወዳደቀው ድንጋይ አንዱን አቅርቦ ይምቱ አላቸው። መዶሻውን በቀኛቸው ይዘው መቱ፤ የተንጋደደ መስመር ወጣ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። ቃሲም ከጎኑ በግራው መታ፤ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ባላምባራስ አጎንብሰው ሁለቱን አስተያዩ፤ ከዚያ ሄደው ጥጉን አዩ፤ ተመልሰው መጥተው ሁለቱን አዩ። አሁንም አልረኩም። ጥጉ ውስጥ ገብተው መዶሻውን ሊያነሡ ሲሉ ክርናቸው ከግድግዳው ጋር ጧ አለ።

«እህ» አሉ ዘሊካ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ። «ድንጋዩ ራሱ መሰከረ።»

«መሰከረብኝ» አሉ ባላምባራስ ክርናቸውን ይዘው።

መምሬ ባንተይርጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ አገር፣ ልጆቼ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ባየን ቁጥር ግራኝ አፈረሰው ሲባል ነው ያደግነው። ግራኝ ሠራው ሲባል ዛሬ ሰማሁ» አሉ።

ያን ጊዜ ቃሲም ሳቀ። ከከሚሴ ከወጡ ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሳቁ ሲበርድ ባላምባራስ ኮታቸውን ለብሰው፣ እንደ ሹም ሳይሆን እንደ ማንም ሰው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ቃሲም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ቃሌን አንሥቼ ነበር። ግንባሩን አሳይተህ ይኸው ብትለኝ አምኜህ ነበር። ለምን አላልክም?»

ቃሲም እጁን አየ። ሳማው አሳብጦታል። «አዳዳ የማሉት በሙሳ እጅ ነው» አለ። «በሌላ ሰው እጅ አልማሉም።»

ባላምባራስ ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረው፣ «ይቺ ክፍል ጠባብ ናት፤ ጥላ ናት። ማን ያውቃል፣ የአባቴ ጋኖች የሚቀመጡት እዚህ ይሆን ነበር» አሉ።

«እንግዲያማ» አሉ ዘሊካ፣ «አባቶቻችን ጎረቤት ነበሩ። እኔና እርስዎ እስከ ዛሬ በከንቱ ተጨቃጨቅን።»

ቃሲም አፈሩን መልሶ ሲሞላ ባላምባራስ ደነገጡ። ሰው እንዲያየው ክፍት ይተው አሉ። ቄሱ ግን የቃሲምን ወገን ያዙ፤ ከዚህ ኮረብታ የተነቀለ ድንጋይ ስንት ቤት መሠረት እንደሆነ እሳቸው ናቸው የሚያውቁ። ይህን ጥግ ያተረፈው ሳማው ነው፤ የሚለበልብ ጠባቂ ጉቦ አይቀበልም። ሥሩ መሬት ውስጥ ቀርቷልና በሰኔ ተመልሶ ይበቅላል፣ ማጭዴ ሁለተኛ አይነካውም ብለው ቃል ገቡ። ቃሲም የመጨረሻውን እፍኝ ከመድፋቱ በፊት አክስቱ አጎንብሰው ለአባታቸው ነፍስ ፋቲሓ ቀሩ። ቄሱ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ባላምባራስም ባርኔጣቸውን። ፋቲሓው ሲያልቅ ዘሊካ የቃሲምን እጅ ፈለጉ። ቀኙን ሰጣቸው።

«እሱን አይደለም» አሉ።

ግራውን ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አፈሩንም የሳማውንም እብጠት ሳይሉ፣ መዳፉን ሳሙት። ያን እጅ ከተወለደ ጀምሮ ሰው ሲስመው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

በማግስቱ መድኃኔዓለም ነገሠ። ጃንጥላው ታቦቱ ላይ ሲዘረጋ ባላምባራስ እልል አሉ፤ ዘሊካ ከሩቅ፣ ከጥዱ ሥር ሆነው፣ «የኛ አህያ የተሸከመችው ያ ነው?» ብለው ቃሲምን ጠየቁት፤ ምን ቀለም እንደሆነም አስነገሩት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ለመውረድ ተነሡ። በቅሎዎቹ ተጫኑ፤ ከዳገቱ አፍ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ጠበበ። ቃሲም እንደ ልማዱ ከአህያዋ ኋላ ሊገባ ሲል ባላምባራስ ልጓማቸውን ሳቡ።

«እትዬ ዘሊካ ይቅደሙ» አሉ።

«እኔ?»

«የግቢው ልጅ እርስዎ ነዎት። እኔ የጠጅ ቤቱ ነኝ።»

«አህያዋስ? ቅር አይላትም?»

«ጃንጥላውን አድርሳለች። ሹመቷ አብቅቷል።»

ዘሊካ በኮርቻው ላይ ቀና ብለው ተስተካከሉ። ዓይናቸው አያይም፤ ያቺ አሮጊት በቅሎም ቁልቁለቱን ያለ መሪ አትደፍረውም። ባላምባራስ አህያዋን ወደ ኋላ አሳልፈው መንገዱን ለቀቁ። ቃሲም መጥቶ ከሁሉም ፊት ቆመ። እታች አልዩ አምባ ከጭጋግ እየወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቆላው፣ ከቆላው ወዲያ ዓይን የማይደርስበት ጨፋ። አበጋሩ ዋርካው ሥር ይጠብቃሉ፤ ድንጋዩም ይጠብቃል።

ግራ እጁን ከጋቢው አወጣ፣ የአክስቱን በቅሎ ልጓም በሱ ያዘና ቁልቁል መራ።